የቢዝነስ ፖድካስት ልትጀምሩ ነው? ድምፅ ወይስ ቪዲዮ፣ ዩቲዩብ ወይስ ቴሌግራም፣ በእንግዳ ወይስ ለብቻ

ፖድካስት ልጀምር ብሎ ምክር የሚጠይቅ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ማይክ ነው። የትኛውን ልግዛ? ካሜራስ ስንት ያስፈልጋል? ስቱዲዮ ልከራይ ወይስ ቢሮዬን ላዘጋጅ? እነዚህ ወረድ ብለው ይመጣሉ። ከእነሱ የሚቀድም ምርጫ አለ፤ እዚያ ላይ የተሳሳተን ሰው ውድ ማይክ አያድነውም። ፖድካስቱን ሰምቶ እንዲደውልላችሁ የምትፈልጉት ሰው ማን ነው?

ለአድማጭ ወይስ ለደንበኛ?

በአማርኛ ከሚቀርቡት የቢዝነስ ፖድካስቶች ብዙዎቹ መልካቸው ይመሳሰላል። የተሳካለት ነጋዴ ይጋበዛል፤ ልጅነቱን፣ የመጀመሪያ ሥራውን፣ የከሰረበትን ጊዜና እንዴት እንደተነሳ ይተርካል፤ ሊያበቃ ሲል «ለወጣቶች ምን ትመክራለህ?» ይባላል። አድማጭ አለው፤ ስፖንሰርም ሊያገኝ ይችላል። የሚሰማው ግን በአብዛኛው ንግድ ለመጀመር የሚያልም ወጣት ነው። ገቢያችሁ ከማስታወቂያ ከሆነ ይህ ወጣት ትክክለኛው አድማጫችሁ ነው። የምትሸጡት የሒሳብ ሥራ፣ የጉምሩክ አስተላላፊነት ወይም የቢሮ ዕቃ ከሆነ ግን ለጊዜው ከእናንተ የሚገዛው ነገር የለም።

ስለዚህ መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሚዲያ ፖድካስት ነው፤ የሚሸጠው ራሱ ፕሮግራሙ ስለሆነ ብዙ ሰው ያስፈልገዋል፣ ታዋቂ እንግዳ ያስፈልገዋል፣ ሳይቋረጥ መውጣት አለበት። ሁለተኛው የደንበኛ ፖድካስት ነው፤ ዓላማው ሌላ ሥራ ማሻሻጥ ስለሆነ ጥቂት ግን ትክክለኛ ሰዎች ይበቁታል። የጉምሩክ አስተላላፊ ከሆናችሁ፣ ዕቃ የሚያስመጡ ሁለት መቶ ሰዎች ቢሰሟችሁ በሕይወታቸው ኮንቴይነር ከማያስመጡ ሃያ ሺህ ሰዎች ይሻላችኋል። ሁለቱን ቀላቅሎ የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ወጪ ያወጣል፣ የሁለተኛውን ያህል ጥቂት አድማጭ ያገኛል፤ አድማጮቹም ደንበኛ አይሆኑም። ይህ መመሪያ ከዚህ በኋላ የሚያወራው በዋናነት ለሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ሥራ ላለውና ሥራውን ለማስተዋወቅ ፖድካስት ለሚያስብ ሰው።

የደንበኛ ፖድካስት ርዕስ አይቸግረውም። ርዕሱ ስልካችሁ ውስጥ አለ። ደንበኞች በቴሌግራም የላኩላችሁን ጥያቄዎች ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ። «ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንዴት ይያዝልኛል?» «ዕቃዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል ተባልኩ፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ?» «ቁም ሳጥኑ በኤምዲኤፍ ቢሠራ ስንት ዓመት ይቆያል?» እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ክፍል ነው። ጥያቄውን የላከው አንድ ሰው ቢሆንም ሳይጠይቁ የቀሩት ብዙ ናቸው።

ርዕስ ሲመረጥ ወቅትም ይታይ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ ላይ ነጋዴው ሁሉ ስለ ግብር ነው የሚያስበው። የሒሳብ ባለሙያ ስለ ደረሰኝና ስለ ወጪ የሚያወራውን ክፍል ግንቦት ላይ ማውጣት አለበት፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ የሚወጣ ምክር ለሚቀጥለው ዓመት ካልሆነ ብዙ አይጠቅምም። ሠርግ ጥር ላይ ይበዛል፤ የዲኮርና የምግብ ዝግጅት ባለሙያ ግን ሙሽሮቹን የሚያገኘው በጥቅምትና በኅዳር፣ ገና ዋጋ ሲያጠያይቁ ነው። ትምህርት ነክ ሥራ ያለው ደግሞ ነሐሴን መጠበቅ የለበትም። ማርኬቲንግ ላይ ከሚባክነው ገንዘብ ቀላል የማይባለው፣ መልእክቱ ትክክል ሆኖ ጊዜው ያለፈበት ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዳ፣ ለብቻ ወይስ ሁለት ሆኖ?

እንግዳ መጋበዝ በጣም የተለመደው ነው፤ ምክንያቱም የሚቀል ይመስላል። እንግዳው ያወራል፣ እናንተ ትጠይቃላችሁ። በተግባር ሲታይ ግን ከሁሉም አድካሚው እሱ ነው። ቀጠሮ ይሰረዛል፣ ስልክ አይነሳም፣ ሲመጣም ግማሹ ሰዓት በሰላምታና በምስጋና ያልቃል። የእንግዳ ትልቁ ጥቅም የእሱን ተከታዮች ወደ እናንተ ማምጣቱ ነው ይባላል። እውነት የሚሆነው ግን እንግዳው ፕሮግራሙን ራሱ ካጋራው ነው። ብዙዎቹ የሚያጋሩት ተቆርጦ የተዘጋጀ አጭር ቪዲዮ በእጃቸው ሲገባ ነው። «ሲወጣ ሊንኩን እልክልሃለሁ» ማለት አይበቃም። ለስልክ የሚመች ቁመት ያለው፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ፣ እንግዳው ጎበዝ ሆኖ የሚታይበት ቁራጭ ፕሮግራሙ በወጣበት ቀን ይላክለት።

ረጅም ጭውውት መስማት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ላይ የአንድን ሰው ሕይወት በተከታታይ ክፍሎች እያወጋች አድማጭን ይዛ መቆየት እንደሚቻል አሳይታለች። ብዙ አዘጋጆች የሁለት ሰዓት ፖድካስት ሲሠሩ ሳያውቁትም ቢሆን ያንን እየተከተሉ ይመስለኛል። ልዩነቱ እዚያ የሚሰማው የሰው ሕይወት መሆኑ ነው፤ ጀርባው ብዙ ዝግጅትና ብዙ ንባብ አለ። ዕቃው ወደብ ላይ የቆመበት አስመጪ ግን የእንግዳችሁን ልጅነት ለመስማት ትዕግሥት የለውም።

ለብቻ መናገር በተቃራኒው የሚያስፈራ ይመስላል፤ ለትንሽ ድርጅት ግን የሚመቸው እሱ ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ቀጠሮ የለም፤ ኤዲቱም ቀላል ነው። ሰው የሚለምደው ደግሞ የእናንተን ድምፅ ነው፤ ሲደውል የሚያውቀውን ሰው እንዳገኘ ያህል ይሰማዋል። ባዶ ክፍል ውስጥ ለማይክ ማውራት የሚከብደው፣ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጥያቄውን እንዲጠይቀው ያድርግ። የሰውየው ድምፅ ኋላ ላይ ሊቆረጥ ይችላል።

ሁለት ሆኖ ማቅረብ የሚያምረው ሁለቱ በእውነት የሚጣጣሙ ሲሆኑ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ፤ አድማጩ ከውጭ ይቀራል።

የእኔ ምርጫ የብቻውን መሠረት አድርጎ አልፎ አልፎ እንግዳ መጨመር ነው። እንግዳው ታዋቂ መሆን የለበትም። የሒሳብ ባለሙያ የንግድ ሕግ ጠበቃ ይጋብዝ፤ የጉምሩክ አስተላላፊ የጭነት መኪና ባለንብረት ይጋብዝ። የሁለቱም ደንበኛ አንድ ነው፤ ሥራቸው ደግሞ አይሻማም። ከሁሉም የሚበልጠው እንግዳ ግን የራሳችሁ ደንበኛ ነው፤ ምን ችግር ይዞ እንደመጣና እንዴት እንደተፈታ የሚናገር። ስሙን ወይም የንግዱን ጉዳይ ስታነሱ ግን ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ድምፅ ወይስ ቪዲዮ?

ሒሳቡን እንሥራው። ንግግር ብቻ ያለበት የአንድ ሰዓት ድምፅ፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሞኖ ሲቀመጥ 29 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ያው ሰዓት በቪዲዮ፣ በዝቅተኛ ጥራት እንኳ ቢታይ፣ የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም አድማጭ ልዩነቱ ሰምቶ በመጨረስና አቋርጦ በመውጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው። በዚያ ላይ ድምፅ መኪና እየነዱ፣ ዕቃ እየደረደሩ፣ ወጥ እየሠሩ ይሰማል።

ቪዲዮ ግን አዲስ ሰው የሚያመጣው እሱ ነው። ጉግል የራሱን የፖድካስት መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ዘግቶ ተጠቃሚዎቹን ወደ ዩቲዩብ ሚዩዚክ አዛውሯል፤ ዩቲዩብም በ2025 መጀመሪያ ላይ በየወሩ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ፖድካስት እንደሚከታተሉበት አስታውቋል። የአማርኛ ተመልካችም ፖድካስት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ሁለት ወንበርና ትልቅ ማይክ ያለበትን የዩቲዩብ ቪዲዮ ነው።

ቪዲዮ አንድ የተደበቀ ዋጋ አለው። የአገራችን ነጋዴ ካሜራ ፊት ስለ ገቢው፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ አቅራቢዎቹ በነፃነት አያወራም። ማይኩ ብቻ ሲቀር ድምፁ ይለሳለሳል፣ ቁጥር መጥራት ይጀምራል። ለሥራ የሚጠቅመው ደግሞ ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ለብቻ የምትናገሩትን በአንድ የተተከለ ስልክ ቅረጹት፤ ለእንግዳው ግን ምርጫ ስጡት። ድምፅ ብቻ ከመረጠ ድምፁን አውጡ፤ ለዩቲዩብ አንድ ቋሚ ምስል ማድረግ ይቻላል፣ ምንም እንኳ ሰው በቋሚ ምስል ላይ ብዙ ባይቆይም።

የት ይውጣ?

እዚህ ላይ ሁሉም ቦታ ማውጣት ነው የሚሻለው የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ፋይሉን ሁሉም ቦታ መጫን ቀላል ነው። ሁሉም ቦታ ላይ ለሚጻፍ መልስ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱን ቤት አድርጉት፣ ሌላውን መግቢያ በር።

ዩቲዩብ በፍለጋ ያሸንፋል። ዛሬ የጫናችሁትን መልስ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ የያዘው ሰው ያገኘዋል። እንዲያገኘው ግን ርዕሱ ሰው በሚጠይቅበት መንገድ መጻፍ አለበት። «ከአቶ እገሌ ጋር የተደረገ ቆይታ፣ ክፍል 2» የሚለውን ማንም አይፈልገውም፤ «ዕቃ ሞጆ ላይ ለምን ይዘገያል?» የሚለውን ግን የቸገረው ሰው ይጽፈዋል። ከዚያም የፊደል ነገር አለ፦ አንዱ «ሠርግ» ሌላው «ሰርግ» ብሎ ይጽፋል፣ ብዙ ሰው ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው። መግለጫው ውስጥ ሁሉንም አስገቡ። የዩቲዩብ ድክመት፣ በነፃ ለሚጠቀም ሰው ስልኩ ሲቆለፍ ድምፁ መቋረጡ ነው። ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ተከታዮችና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይጠየቃል፤ ማን ማመልከት እንደሚችል ደግሞ በየአገሩ ይለያያል። ለደንበኛ ፖድካስት ይህን ግብ አለማድረግ ይሻላል፤ ሰዓት ለመሙላት ሲባል የ12 ደቂቃው መልስ አንድ ሰዓት ይሆናልና።

ቴሌግራም በማድመጥ ያሸንፋል። ድምፁ ስልኩ ተቆልፎም ይቀጥላል፤ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ መንገድ ላይ መስማት ይቻላል፤ ፋይሉ እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ይፈቀዳል፤ ደስ ያለው ሰው በአንድ ንክኪ ለወዳጁ ያስተላልፈዋል። ዋናው ነገር ደግሞ ደንበኛው ሰምቶ እንደጨረሰ እዚያው ሊጽፍላችሁ መቻሉ ነው። ድክመቱ አዲስ ሰው በራሱ አለማምጣቱ ነው፤ ሰው ካላስተላለፈው ቻናሉ ባለበት ይቆማል። ከዓይኗ ምልክት አጠገብ ያለው ቁጥር ደግሞ መልእክቱ ፊታቸው ያለፈውን እንጂ የሰሙትን አይቆጥርም።

ስፖቲፋይና አፕል ፖድካስትስ እምብዛም አያደክሙም። ድምፁን በአንድ አስተናጋጅ (የፖድካስት ፋይል በሚያስቀምጥና በሚያሠራጭ ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጣችሁ ፕሮግራሙን አንዴ ካስመዘገባችሁ በኋላ፣ አዲስ ክፍል ሁሉ ወደ ሁለቱም በራሱ ይሄዳል፤ ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2019 አንከር የተባለውን የፖድካስት ማስተናገጃ ከገዛ ወዲህ የራሱ የሆነ ነፃ ማስተናገጃ አለው። ደንበኞቻችሁ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከሆኑ፣ ለምሳሌ ቤት፣ ቦታ ወይም የቤተሰብ አገልግሎት የምትሸጡ ከሆነ፣ እነዚህን አትዝለሉ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ወይም የጭነት መኪና የሚነዳው ሰው ቀኑን ሙሉ ጆሮው ክፍት ነው። የሰዓቱንም ልዩነት አስቡት፦ አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት ነው።

ቲክቶክ መግቢያ በር ነው፣ ቤት መሆን አይችልም። ቁራጩን አይቶ የወደደ ሰው ሙሉውን የት እንደሚያገኝ ካልተነገረው ጠፍቶ ይቀራል።

ሬዲዮስ? የአየር ሰዓት ገዝቶ ማቅረብ አሁንም ትርጉም የሚሰጥባቸው ሥራዎች አሉ፤ ደንበኞቻችሁ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው የሚውሉ ከሆኑ። ወጪው በየሳምንቱ ይደጋገማል፤ የተላለፈው ፕሮግራም ደግሞ ካልተቀመጠ ይጠፋል። ስትዋዋሉ ፕሮግራሙን በራሳችሁ ቻናል መልሳችሁ ማውጣት እንደምትችሉ በውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ኋላ ላይ ያጣላል።

ለአብዛኛው አነስተኛ ድርጅት ቤቱ ቴሌግራም፣ በሩ ዩቲዩብ ቢሆን እመርጣለሁ። ደንበኞቻችሁ የግድ ማየት ያለባቸው ነገር የምትሠሩ ከሆነ፣ የቤት ዕቃ፣ ልብስ፣ ግንባታ፣ ቦታቸው ይለዋወጣል።

ዕቃ

አጭር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት መከራየት አያሳፍርም። ለብቻ ለሚናገር ሰው ደረት ላይ የሚሰካ ባለገመድ ማይክና ስልክ ይበቃል። ሁለት ሰው ከሆነ ዳይናሚክ ማይክ ምረጡ፤ ኮንደንሰር ድምፁ ያምራል፣ ግን የጎረቤቱን ጄኔሬተርና የመንገዱን ጥሩምባ አብሮ ይሰበስባል። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ቢሮ ያስተጋባል፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከማይክ ለውጥ በላይ ይጠቅማል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቀድማችሁ ቅረጹ። ስቱዲዮ ስትከራዩ ያልተነካውን ቅጂ በእጃችሁ እንደሚሰጧችሁ ጠይቁ፤ ኤዲቱ በዋጋው ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ።

ለማስተዋወቅ ገንዘቡ የት ይዋል?

አራት መንገዶች ይወዳደራሉ፦ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ከፍሎ ማስነሳት (ቡስት ማድረግ)፣ ቁራጭ ቪዲዮ ማሠራት፣ በሌላ ሰው ፖድካስት ላይ እንግዳ መሆን፣ እና ያሉትን ደንበኞች መጠቀም።

ከፍሎ ማስነሳት ቁጥር ያሳያል። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው በሦስተኛ ወገን በኩል ነው የሚከፍለው፤ በዚህ ጊዜ የገጹ ባለቤትነት በእናንተ እጅ መቆየቱን ተከታተሉ። ችግሩ ግን ሌላ ነው፦ የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ አይቶ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም የሚከፍት ሰው ጥቂት ነው። ያንን ብር ቁራጭ ለሚቆርጥ ጎበዝ ኤዲተር ብትከፍሉት ይሻላል። ቁራጩ በሰላምታ አይጀምርም፤ በመልሱ ይጀምራል። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ የአማርኛ ጽሑፍ በእጅ ተጽፎ ይግባበት፤ ማሽን የጻፈውን ሳያርሙ መልቀቅ ያስቃል።

በሌላ ሰው ፖድካስት ላይ እንግዳ መሆን ነፃ ነው። የሚሠራው ግን የእሱ አድማጭ የእናንተ ደንበኛ ሊሆን ከቻለ ብቻ ነው። ክብር ለማግኘት መሄድና ሥራ ለማግኘት መሄድ ይለያያሉ።

አራተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ከሁሉም አስቀድመዋለሁ። ደንበኛ ስልክ ደውሎ የተለመደውን ጥያቄ ሲጠይቅ በአጭሩ መልሱለትና «ዝርዝሩን እዚህ ላይ፣ ከ4ኛው ደቂቃ ጀምሮ ስሙት» ብላችሁ ሊንኩን ላኩለት። የዋጋ ማቅረቢያ ስትልኩ ከሥሩ የሚመለከተውን ክፍል ጨምሩ። በማሸጊያው ላይ የኪውአር ኮድ ይታተም። እንዲህ ሲሆን ፖድካስቱ አዲስ አድማጭ ባያመጣ እንኳ የመጣውን ደንበኛ ያሳምናል፣ የእናንተንም ጊዜ ያተርፋል። ተጠራጣሪ ገዢ ከማስታወቂያ ይልቅ ዋጋው ለምን እንደጨመረ ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ድምፅ ያምናል።

ስፖንሰር ቶሎ ከመጣ አትቸኩሉ። አንድ ባንክ ወይም አስመጪ ስሙ በየክፍሉ ከተጠራ በኋላ ስለዚያ ዘርፍ በነፃነት መናገር ይከብዳል፤ ተፎካካሪው ደግሞ ከእናንተ ጋር መሥራት ያቆማል። የምትቀበሉ ከሆነ ማስታወቂያው ማስታወቂያ መሆኑ በግልጽ ይነገር።

ምን ይቆጠር?

የማውረጃ ቁጥር አሳሳች ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 በአይኦኤስ 17 (በአይፎን ሥርዓተ ክወና) ላይ ሰው ሳይሰማቸው ያለፉትን የቆዩ ክፍሎች በራሱ ማውረዱን ሲያቆም የብዙ ፕሮግራሞች ቁጥር ወረደ፤ የሚሰማው ሰው ግን ያው ነበር። የዩቲዩብ ዕይታም አንድ ሰው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ካልታየ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከስልኩ አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጡ። የሚደውል ሰው ሁሉ «ከየት ሰሙን?» ይባል፣ መልሱ ይጻፍ፤ የትኛውን ክፍል እንደሰማም ቢጠየቅ ይነግራችኋል። በየክፍሉ መጨረሻ አድማጩን የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ ወይ ይደውል፣ ወይ ቻናሉን ይቀላቀል። ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር፣ ኮሜንት፣ ደውል ብሎ መደርደር አንዱንም አያስደርግም።

በየሳምንቱ ያለማቋረጥ ከማውጣትና በምዕራፍ ከማውጣት፣ ሥራ ላለው ሰው ሁለተኛው ይመቻል። ስምንት ጥያቄ ምረጡ፣ ግማሹን ሳይወጣ በፊት ቅረጹ፣ በሳምንት አንድ አውጡ፣ ከዚያ አርፉ። በዕረፍቱ ደብተሩን ክፈቱ። ሰው እየደወለ ከሆነ የደወለበትን ክፍል የሚቀጥል ርዕስ ለሁለተኛው ምዕራፍ ያዙ። የሚሰማው ኖሮ የሚደውለው ከሌለ ርዕሶቹ የደንበኛ ጥያቄ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ እነሱን ቀይሩ። የሚሰማውም ከሌለ ርዕሱን ሳትነኩ ስማቸውን አስተካክሉና ቁራጮቹን እንደገና አስቆርጡ።